ለሰርግ የወጣ አምባዛ

ኑርዬ ሰው ሲያናግር የሚቆመው ሁልጊዜ ነፋሱ ከሰውየው ወደ እሱ በሚመጣበት በኩል ነው። ሐይቅ ገበያ ውስጥ ሰላምታ እየሰጠ ዞር፣ ፈንጠር ሲል ያየ ሰው ኩራት ይመስለዋል። ነገሩ ሌላ ነው። ዕድሜ ልኩን ዓሣ አጥማጅ ነውና ሽታው ሰው እንዳያስቸግር ብሎ ነው።

ማለዳ ከደንገል በሠራት ታንኳ ወደ መሃል ሐይቅ ይወጣና መንጠቆውን ይጥላል። የሚያወጣው አምባዛ ነው። ጢማም፣ ጠቋራ፣ ቅርፊት የሌለው፣ ከውኃ ከወጣም በኋላ ቶሎ አልሞት የሚል ግትር ዓሣ።

የልብ ወዳጁ ማዕረግ ይባላል፤ ክርስቲያን ገበሬ ነው። በሬ ያቀናጃሉ፤ ለቅሶና ሠርግ አይለያዩም። የሚለያቸው ቢላዋ ብቻ ነው፤ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ስለዚህ በዚያ አገር የሚደግስ ሰው ለሌላው ወገን ለብቻ ያሳርዳል። ማዕረግ ልጁን ሲድር ለእስላሞቹ ሙክት ሰጥቶ ያረደው ኑርዬ ነበር።

አሁን ተራው የኑርዬ ነው። ልጁ ኑርሀያት ልትዳር ነው። ግን በ1976 ዓ.ም. በልጉ ቀርቶ፣ በጎቹ አንድ በአንድ ተሸጠው፣ በረቱ ውስጥ የቀረው አንድ ሙክት ነው። ቀኑን እንዳያራዝም ሙሽራው ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሏል፤ በግንቦት ካልሆነ አይሆንም። አንድ በግ ደግሞ ሁለት ጊዜ አይታረድም።

«አብሽር» አለው ማዕረግ። «እኔ ሽሮዬን በልቼ እጨፍራለሁ።»

«ኑርሀያትን በትከሻህ ተሸክመህ አሳድገህ በሰርጓ ሽሮ? ወላሂ አላደርገውም! ዓሣ ነው የማበላህ። ዓሣ ቢላዋ አይጠይቅም፤ የእኔም ያንተም ነው።»

«ያንን ጢማምህን? ቅርፊት የሌለው ለእኛ ክልክል ነው። ቄሱ ቢሰሙ የእኔን ጢም ነው የሚነጩት!»

«ቅርፊት ያለው አመጣልሃለሁ።»

ቅርፊት ያለው ቆሮሶ ነው፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት የመንግሥት ሰዎች አምጥተው ሐይቁ ውስጥ የለቀቁት ዓሣ። መንጠቆ አይነካም። ኑርዬ ሰርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው ከአጥማጆቹ ማኅበር መረብ ተውሶ ወደ ዳርቻው ወረደ።

ጥልቀት በሌለው ጥርት ያለ ውኃ ሥር አሸዋው ተጠርጎ ክብ ክብ ሆኗል፤ ወንዶቹ ቆሮሶዎች ያንን እየዞሩ ይጠብቃሉ። መረቡን ጎተተ። ከበደው፤ ደስ አለው። አንዷን በእጁ ሲያነሣት ከአፏ ጭል ጭል የሚሉ ጫጩቶች ፈሰሱ፤ ዓይን ብቻ የሆኑ፣ ከጤፍ ትንሽ ከፍ የሚሉ። ደንግጦ ወደ ውኃው መለሳት። ጫጩቶቹ እንደ ጭስ ተሰበሰቡና በተከፈተ አፏ ተመልሰው ገቡ።

«ሱብሐነላህ!»

ሌላዋን አነሣ። የእሷም አፍ ሙሉ ነው። ውኃው እስከ ጉልበቱ፣ ፀሐይዋ ከጀርባው፣ ብዙ ቆመ። የራሱን ልጅ ሊድር የተነሣ አባት የሌላዋን ልጆች ከአፏ ነጥቆ መሄድ አልሆንለት አለ። መረቡን ገልብጦ ለቀቀ።

ባለቤቱ አሚናት ባዶ እጁን ስታይ «የታለ ዓሣው?» አለችው።

«አፋቸው ሙሉ ነው።»

«የምን አፍ?»

«አሚናት፣ በጉን ለማዕረግ እንስጠው። እሱ አርዶ ክርስቲያኖቹ ይብሉት። ለእኛ ወገን አምባዛ አወጣለሁ፤ ለእኛ ሐላል ነው።»

አሚናት ጭኗን መታች። «ለሙሽራው ወገን አምባዛ! አባቱ ጠሃ ተቀይሞ ልጅቱን ጥሎብን ቢሄድስ?»

ኑርዬ መንጠቆውን ይዞ ወደ ሐይቁ ተመለሰ።

በሰርጉ ዕለት ማዕረግ ቢላዋውን አልይዝም ብሎ ብዙ ካስለመነ በኋላ በጉን አረደ። ዳሱ ውስጥ በአንድ ወገን ጥብስ፣ በሌላው በበርበሬ የቀላ አምባዛ ቀረበ። የሙሽራው አባት ጠሃ፣ እህል ነጋዴው፣ ገበታውን አየ፤ ቀና ብሎ የማዶውን ጎድን አየ።

«ኑርዬ፣ ለማዕረግ በግ፣ ለአማችህ ጢማም?»

«ሁለት በግ ቢኖረኝ ሁለት በታረደ፣ አያ ጠሃ። ያለኝ አንድ ነው። ይህን እሱ መብላት አይችልም፤ አንተ ትችላለህ። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ጠሃ እጁን ከጭኑ ላይ አላነሣም። አሚናት ከጓዳው በር ቆማ ታየዋለች። በኋላ «ቢስሚላህ» አለና ቆረሰ። አላመጠ። ደገመ።

«አያ ጠሃ፣ ጢሙን እንዳይተዉት!» አለ ማዕረግ ከማዶ። ዳሱ በሳቅ ፈረሰ፤ ጠሃ ራሱ በበርበሬውም በሳቁም እንባው መጣ።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ኑርሀያት በበቅሎ ላይ ተቀመጠች። ጠሃ ኑርዬን ወደ ዳር ወሰደው።

«ልጄ ወደ ማሠልጠኛው የሚሄድ ዕለት ሰው መጥራቴ አይቀርም። ለማዕረግ ወገን በጉን እኔ አቀርባለሁ። ለእኛ አምባዛውን ታወጣልኛለህ?»

ኑርዬ በቅሎዋን፣ በቅሎዋን የያዘውን ልጅ እግር ሙሽራ አየ። ሽኝቱ ገና ከሰርጉ ሳይወጡ መጥቶ ደጁ ላይ ቆሟል።

«አወጣለሁ» አለ።

ሙሽሮቹ ሲርቁ ጋቢውን አጣፋ፤ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ሊያሳድራቸው መንጠቆዎቹን ከማገሩ ላይ አውርዶ በትከሻው ጣለ። ማዕረግ ጠራው፤ እጁን ብቻ አነሣለት። በማሳዎቹ መካከል ባለችው ቀጭን መንገድ፣ ጀርባው እያነሰ እያነሰ፣ ወደ ውኃው ወረደ።