ለሌለ ካርድ ሠላሳ ሰከንድ

የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ከመምህራችን ጋር ድራይቨር ይጽፋሉ። ድራይቨር ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ከመሣሪያ ጋር የሚያነጋግር ፕሮግራም ነው። የአንደኛ ዓመት ተማሪ እዚያ ቡድን ውስጥ አይገባም። እኔ ግን ደጋግሜ ስለለመንኳቸው መምህሩ መፈተኛ ሰጡኝ፤ ከተሳካልኝ እገባለሁ፣ ካልተሳካልኝ አርፌ እቀመጣለሁ።

በመፈተኛው ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የተሠራ ሌላ ኮምፒውተር አለ። የኔትወርክ ካርዱም በሶፍትዌር የተሠራ ነው፤ በእጅ አይነካም። ድራይቨሩ ግን እንደ እውነተኛ ካርድ ይይዘዋል፦ ሥራ ሲጠፋ ያለበትን ሁኔታ መዝግቦ ያስተኛዋል፣ ሥራ ሲመጣ ቀስቅሶ ወደነበረበት ይመልሰዋል። የእኔ ድርሻ ይህንን መጻፍ ነበር።

በፈተናው ቀን ሸሚዜን ተኩሼ ከምኖርበት ከፀዳ በጠዋት ወደ ዩኒቨርሲቲው ታክሲ ያዝኩ። መምህሩና ተማሪዎቹ እያዩ ካርዱ ባዘዝኩት ጊዜ ተኛ።

«ቀስቅሰው» አሉ መምህሩ።

ስቀሰቅሰው ስክሪኑ ድርቅ አለ።

«ምነው፣ ገደልከው እንዴ?» አለ ከጎኔ የቆመ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ።

«ትንሽ ታገሠው።»

ከሠላሳ ሰከንድ በኋላ ነቃ። ለኮምፒውተር ይህ አንድ ሙሉ ክረምት ነው። መምህሩ ኮዱን እያነበቡ አንድ መስመር ላይ ቆሙ።

«ይህ ሠላሳ ምንድን ነው?»

«ኃይሉ እስኪረጋጋ ነው፣ ቲቸር።»

«የቱ ኃይል?»

እኛ ቤት መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ፍሪጅ ወዲያው አይሰካም። አክስቴ «ቆይ፣ ይረጋጋ» ትላለች፤ እኔም ሶኬቱን ይዤ እቆማለሁ። ድራይቨሩን ስጽፍም ያንኑ አደረግሁ። ከመዋሸት ብዬ እንዳለ ተናገርኩ።

«ታዲያ ስታቢላይዘር አትገዛለትም ነበር?» አለ ያ ተማሪ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

መምህሩ ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ። «ለእውነተኛ ካርድ ቢሆን የሚጠበቅበት ጊዜ አለ፤ ስንት እንደሆነ ግን ከመሣሪያው ሰነድ ነው የሚነበበው። ይኼኛው ደግሞ መብራት መጣ ሄደ አያውቅም። ነቅቶ እንደሆነ ጠይቀው፤ ነቅቻለሁ ካለህ ቀጥል።»

መስመሩን አጥፍቼ በጥያቄ ተካሁት። ካርዱ ወዲያው ነቃ። እሳቸው ግን ማንበባቸውን አልተዉም።

«ማስተኛቱ ሸጋ ነው» አሉና ወደ ቀልደኛው ዞሩ። «አንተ ባለፈው ሳምንት ካርዱ ገና ያልተላከ መልእክት እያለው ነው ያስተኛኸው። ይህ ልጅ መጀመሪያ ወረፋውን ጨርሶለታል።»

ቀልደኛው ጆሮውን አከከ። «እና ይግባ፣ አይግባ?»

መምህሩ ኮዱን ዘጉት።

«ይግባ። አንተ የቸኮልክበትን እሱ ያሳይህ፤ እሱ በከንቱ የቆመበትን አንተ አሳየው።»

ለቅዳሜ ሁለት ሰዓት ተቀጠርኩ፤ በአንድ ሰዓት በር ላይ ነበርኩ። ቀልደኛው በሦስት ሰዓት መጥቶ ላፕቶፑን ፊቴ አስቀመጠ።

«በል ጌታው፣ ጥፋቴን ፈልግ። ግን አታብዛው።»

እስከ ምሳ ድረስ አሥራ አንድ አገኘሁ። የመጀመሪያ ቀኔ ስለሆነ ስምንቱን ብቻ ነገርኩት።