ካውያና ትንንሾቹ የስፓኒሽ ቃላት

የባሌን ታላቅ እህት በሥራ ቦታ ሁሉም ካውያ ይላታል። በሆቴሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትተኩስ ኖራለች። ስሙን ያወጣላት ግን ሥራዋ ብቻ አይደለም፤ አፏም የነካውን ሁሉ ያቃጥላል። እኔ ፊት ለፊት «እትዬ» እና «እርስዎ» እላታለሁ። በሆዴ የምላትን እዚህ አልጽፈውም።

አብረን እንኖራለን፣ አብረን እንሠራለን። ቤታችን አንድ ክፍል ነው፣ በመጋረጃ ለሁለት የተከፈለ፤ ከወዲህ እኔና ባሌ፣ ከወዲያ እሷ። ባሌ ዕቃ ሲጭን ወገቡን ተጎድቶ ከቤት ከዋለ ሁለት ዓመት ሆነው። ያሳደገችው እሷ ናት። እናታቸው ስትሞት እሷ አሥራ አራት፣ እሱ ሦስት ዓመቱ ነበር። ሳታገባ የቀረችው በእሱ የተነሳ መሆኑን በሳምንት አንዴ ሳታስታውሰን አትቀርም።

እኔ ልብስ ለያይ ነኝ። ከመኝታ ክፍሎቹ የሚወርደውን አንሶላና የጠረጴዛ ልብስ በየዓይነቱ እለያለሁ። እሷ ከክፍሉ ማዶ፣ እንፋሎቱ መሃል ቆማ ትተኩሳለች። ጣቷን በምራቋ አርጥባ ብረቱን ትነካለች፤ «ጭስ» ካለ ትጀምራለች። ሥራ ስንጨርስ እግሮቿ አብጠው ጫማዋ አይገባላትም። እንዲህም ሆኖ የእሷን አንገትጌ የሚያህል አንገትጌ ማንም አይተኩስም። ይህን አልክድም።

ሆቴሉ ባለቤት ሲለውጥ አዲስ የክፍሎች ኃላፊ መጣች። ስፓኒሽ ብቻ ነው የምትናገረው። «ባለመነጽሯ» አልናት። በእንግዳ መቀበያው ሠራተኛ በኩል ሁለት ነገር ነገረችን። በወሩ መጨረሻ የመተኮሻ ማሽን ስለሚገባ ተኳሾች ይሰናበታሉ። ከመካከላችን ደግሞ አንዷ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ ትእዛዟን በስፓኒሽ እየሰማች ለሌሎቻችን ታስተላልፋለች። ፈተናው አጭር ነው፤ ይህን እዚያ አድርጊ ትላለች፣ ተፈታኟ ታደርጋለች። ለካውያ ከዚያ መስኮት ሌላ መውጫ አልነበራትም። በሃምሳ ዓመቷ፣ በዚያ እግሯ፣ ማን ይቀጥራታል?

የእንግዳ መቀበያው ሰውዬ በምሳ ሰዓት ያስተምራት ጀመር። የዕቃዎቹን ስም በሳምንት ጨረሰች። መከራዋን ያበሏት ትንንሾቹ ቃላት ናቸው። መስተዋድድ ይባላሉ፤ እኔ ከአምስተኛ ክፍል ስለወጣሁ ስማቸውን ከእሷ ነው የሰማሁት። እኛ «በ»ን፣ «ለ»ን፣ «ከ»ን ከስሙ ጋር እናጣብቃለን፤ «ላይ» እና «ውስጥ» ደግሞ ከኋላ ይከተላሉ። እነሱ ሁሉንም ከፊት፣ ለየብቻ ያቆማሉ። «ኤን» የሚሉት አንዱ ቃል ደግሞ ውስጥም ይሆናል፣ ላይም ይሆናል።

«ሰነፎች!» ትላለች። «ውስጥንና ላይን በአንድ ቃል! ሳህናቸውን ጠረጴዛው ሆድ ውስጥ ነው የሚከቱት?»

«ሰውየውን ይጠይቁት እንጂ፣ እትዬ።»

«አንቺን ማን ጠየቀሽ፣ አምስተኛ ክፍል!»

ከሁሉም ያስለቀሷት «ፖር» እና «ፓራ» ናቸው። በእኛ ብዙ ጊዜ ሁለቱም «ለ» ይሆናሉ። ሰውየው «ፓራ ነገሩ ወደሚሄድበት ያያል፣ ፖር ወደመጣበት ያያል» አላት። ለእንግዳ የሚወጣ ፎጣ ፓራ ነው፤ በእንግዳ የተነሳ የሚመጣብሽ ቁጣ ፖር ነው። እሷም ቤት ስትገባ ይህንኑ በእኔ ላይ ትለማመዳለች። «ይሄ ሁሉ ድካሜ ፓራ ወንድሜ፣ ፖር አንቺ!»

ከዚያ ቃላቱን በጨርቅ ቁራጭ ላይ በክር እየጻፈች ቤቱን ሞላችው። አልጋው ሥር «ደባኾ»። መደርደሪያው ላይ «ሶብሬ»። መጋረጃው ላይ «ኤንትሬ»፣ መካከል ማለት ነው። ባዶው የስኳር ጣሳ ላይ ደግሞ «ሲን» ብላ ሰፋች። ሲን «ያለ» ማለት ነው፤ ያለ ስኳር፣ ያለ ገንዘብ፣ ያለ ምንም። ስድቡ ለእኔ መሆኑን ለመረዳት ትምህርት አላስፈለገኝም። ሳልፈልግ ሁሉንም ሸመደድኩት። ዓይን አይከደን ነገር።

አሁን ስለ ቀዩ ክር ልናገር። በሆቴላችን የተቀደደ ልብስ ሲገኝ የክፍል አጽጂዎቹ ጫፉ ላይ ቀይ ክር ይሰፉበታል። እኔ ቀይ ክር ካየሁ ማንንም ሳልጠይቅ ለመወልወያ እቀድደዋለሁ። ልብሱ እኔ ጋ ስለሚቀር ተኳሾች ቀይ ክር አይተው አያውቁም። ካውያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታ ይህን አታውቅም ነበር። ነግሬያትም አላውቅም።

የፈተናው ቀን ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት «ወንድሜን ጤነኛ ሰጠሁሽ፤ ምን አድርገሽ መለስሽልኝ?» አለችኝ። አንዷ ሳቀች።

ከምሳ ስመለስ ካውያ የለችም፤ ሰውየው ለመጨረሻ ጊዜ ሊጠይቃት ወደ ላይ ጠርቷታል። ስትለማመድበት የቆየችውን ልብስ ወደ ቦታው ሳትመልስ ነው የሄደችው። ጠዋት «ኤን ላ ሴስታ»፣ ቅርጫት ውስጥ፣ እያለች ስምንት አዳዲስ የጠረጴዛ ልብሶች የእኔ ቅርጫት ውስጥ ከትታለች። በየጫፋቸው ቃል የተሰፋበት ቁራጭ ተያይዟል። ነጭ ክር በነጭ ጨርቅ ላይ ስለማይታይ በቀይ ሰፍታዋለች።

ቃላቱን አንድ በአንድ አነበብኳቸው። የማን እጅ እንደሆነ አውቃለሁ። መቀሱን አነሳሁና ስምንቱንም ቀደድኳቸው።

ባለመነጽሯ ካውያን አስከትላ ለፈተናው ስትወርድ ያየችው ያንን ክምር ነው። ጮኸች። ሰውየው ከላይ ቀርቷል፣ ከካውያ በቀር የሚያናግራት ሰው የለም። ካውያ አመድ መስላ ወደ እኔ ዞረች።

«ማን ነው የቀደደው እያለች ነው።»

«እኔ ነኝ። ቀይ ክር ያለበት ይቀደዳል፤ የሆቴሉ ሥርዓት ነው በሏት።»

«የእኔ መሆኑን አላወቅሽም?»

«አውቄያለሁ፣ እትዬ።»

ልትጮህ ነው ብዬ ጠበቅኩ። አልጮኸችም። ወደ ባለመነጽሯ ዞራ ቀስ ብላ፣ ቃላቱን እንደ አንገትጌ እያስተካከለች ተናገረች። ሁሉንም አልተረዳሁም። «ፖር ሚ» የምትለውን ግን ሰማሁ፤ «በእኔ በራሴ የተነሳ» ማለቷ ነው። አውቄ ስለመቅደዴ አንዲት ቃል አልጨመረችም።

ባለመነጽሯ በሩን አሳየቻት። ካውያ ሽርጧን ፈትታ ስታልፍ ጆሮዬ ሥር ቆመች።

«ለአንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ። ሁለታችንም ከተባረርን ወንድሜ ምን ይበላል?»

ባለመነጽሯ ጋሪ ላይ የቀሩትን የጠረጴዛ ልብሶች እያመለከተች አንድ ነገር ተናገረች። ሴቶቹ ሁሉ ተፋጠጡ። እኔ ሳላስበው ሄጄ ልብሶቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፣ ቅርጫት ውስጥ አይደለም። «ሶብሬ» ስትል ቤታችን መደርደሪያ ላይ እንዳለው ቁራጭ ነው የታየኝ። ሌላ አዘዘችኝ፤ እሱንም አደረግኩ። ከዚያ በጣቷ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ መስኮቱን አመለከተች።

አሁን መስኮቱ ጋ ተቀምጬ እሠራለሁ። እግሬ አያብጥም። ካውያ ቤት ትውላለች፤ ወንድሟን ታገላብጣለች፣ አትጠራኝም፣ አታየኝም። ይቅርታ አልጠየቅኋትም፤ ብጠይቃትም አትሰጠኝም፤ ደግሞም ደክሞኛል። ማታ ማታ የነገውን ትእዛዝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ እለማመዳለሁ።

«ላስ ቶዓያስ ሶን ፖር...»

«ፓራ!» ትላለች ከመጋረጃው ወዲያ። «ፎጣው ወደ እንግዳው ነው የሚሄደው፤ ፓራ ነው! ደንቆሮ!»

«እሺ፣ እትዬ» እላለሁ፤ አስተካክዬም እደግመዋለሁ።