ዳገት የማትወጣዋ ባጃጅ

ሰው መናቅ ኃጢአት መሆኑን አላጣሁትም። ለንስሐ አባቴም ነግሬያቸዋለሁ። እሳቸው "ይቅር በለው" አሉኝ፤ እኔም ይቅር ብየዋለሁ። ንቀቱ ግን ይቅርታውን ተከትሎ አልወጣም፤ ስንት ክረምት አልፎ ይኸው አሁንም ከውስጤ አለ። ዳንግላ ላይ አሮጌ ባጃጅ እየገዛ፣ ቀለም እየቀባ የሚሸጠውን ሰውዬ ማለቴ ነው።

ሴት ልጄ ከባሏ ተለያይታ፣ ሁለት ልጆቿን ይዛ እንጅባራ እኔ ቤት ገብታ ነበር። ሥራ የምትፈራ አይደለችም። መንጃ ፈቃድ አወጣችና የሰው ባጃጅ መንዳት ጀመረች። ያን ጊዜ በከተማችን ሴት ሹፌር ብርቅ ስለነበረች ሰው ቆሞ ያያታል፤ እሷ ዞር ብላም አታይ። ሁለት ዓመት እንዲህ ከሠራች በኋላ የራሷን እንግዛ አልን። እሷ ያጠራቀመችው ነበራት፤ እኔም ዘንገና በኩል ወንድሜ ዘንድ ያስቀመጥኋትን አንዲት ባዝራ ፈረስ ሸጥሁ። ከዚያ ወዲያ በእጃችን የቀረ ነገር የለም።

የባጃጆቹ ማኅበር ተራ ሰጣት። ተራ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ብዙ ሰው ደጅ ይጠናል። ደንባቸው ደግሞ አጭር ነው፤ ወር ሙሉ ከመስመር የጠፋ ሰው ቦታው ለተከታዩ ይሰጥበታል። የእሷ መስመር ከመናኸሪያው ተነስቶ ወደ ላይ፣ ዳገቱን ይወጣል።

ከመግዛታችን በፊት ልጄ መካኒክ ይዘን እንሂድ ብላኝ ነበር። እምቢ ያልሁ እኔ ነኝ። ዕድሜ ልኬን ፈረስ ስገዛና ስሸጥ ኖሬ፣ የሻጭን ዓይን ማንበብ እያወቅሁ፣ መካኒክ ምን ያደርግልኛል አልሁ። መጽሐፍ ማንበብ ቢያቅተኝም፣ ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ቢሆንም፣ ሰው ማንበብ እችላለሁ ብዬ እኮራ ነበር። ይኸንን መናገሬ ከንቀቱ ለእኔም ድርሻዬ እንዳይቀርብኝ ነው።

ሱቁ ስንገባ ሰውዬው ከመቀመጫው ብድግ አለ። አርባ ዓመት ይሆነዋል፤ ወፈር ያለ፣ ጫማው የሚያበራ። ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሊስም ሲል ያዝሁት። የራሱን ወንበር በእጅጌው ጠርጎ አስቀመጠኝ። ከየት እንደመጣሁ ሲሰማ በአገውኛ ሰላም አለኝ፣ እናቴ በምትናገርበት ቋንቋ። ለስላሳ አስከፈተልኝ። እኔ ወንበሩ ላይ ተደላድዬ ስለ አባቱና ስለ እናቱ ስጠይቀው፣ ልጄ አንዲት ሰማያዊ ባጃጅ አስነስታ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞረች። ግቢው እንደ ምጣድ የተስተካከለ ነው። ዳንግላ መቼም ሜዳ ናት፤ ጋሪ የሚበዛባትም ለዚሁ ነው። ልጄ ወርዳ፣ ዳገት ፈልጌ ልሞክራት አለች።

እኔ ምን አልሁ? "ተይ ልጄ፣ ሰውየውን አታሳፍሪው" አልኋት።

ሰውየው ደግሞ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ እስከ ሦስት ወር ድረስ አንዲት ነገር ብትሆን በእኔ ነው አለ። በሰው ፊት ነው ያለው፤ እዚያ የነበሩት ሁሉ ሰምተዋል። እኔም መረቅሁት።

ከዳንግላ ወደ እንጅባራ መንገዱ ይወጣል። ገና የመጀመሪያው ደህና ዳገት ላይ ሞተሩ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ባጃጇ ግን ቀስ እያለች ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ልጄ ዘላ ወርዳ ከጎማው ሥር ድንጋይ ወሸቀች። ሲቀዘቅዝላት ጥቂት ትሄዳለች፤ ስትሞቅ ትቆማለች። እየገፋን፣ እያረፍን ገባን። በማግስቱ እንጅባራ ያለ መካኒክ ፈትቶ አያትና ፍሪሲዮኑ ተበልቷል አለን። የሞተሩን ጉልበት ለጎማው የሚያቀብለው እሱ ነው አሉ፤ ሲያልቅ በሜዳ እንደምንም ያስኬዳል፣ ዳገት ላይ ይከዳል። ሻጩ ይኸን ሳያውቅ ቀለም አልቀባም ብሎ ሳቀብን።

እንግዲህ ወደ ዳንግላ ተመላለስን። እዚህ ላይ የመንገዱን ተንኮል ተመልከቱ። አቤቱታ ይዘን ስንሄድ መንገዱ ቁልቁል ነው፤ ባጃጇ እንደ ጤነኛ እየዘፈነች ትደርሳለች። ሰውየው ብድግ ይላል፣ ወንበሩን ይጠርጋል፣ ለስላሳውን ያስከፍታል። ከዚያ እሱ ራሱ ይወጣባትና ያችን እንደ ምጣድ የተስተካከለች ግቢ ይዞራታል። "ይኸው አባቴ፣ ሰዓት ሆናለች እኮ" ይላል። ስንመለስ ያው ዳገት ላይ ያው ድንጋይ ይጠብቀናል። ድንጋዩን ከመንገዱ ዳር ለይታ ማስቀመጥ ጀምራ ነበር ልጄ።

በመጀመሪያው ጊዜ፣ ልጅቷ አልለመደቻትም ይሆናል፣ የሴት እጅ ፍሪሲዮን ይበላል አለ። ልጄ አየችኝ። እኔ ለስላሳው አፌ ውስጥ ነበር። በሁለተኛው መካኒኬ ለቅሶ ሄዷል፣ ሰኞ ኑ አለን። ሰኞ ስንሄድ ዕቃው ከባሕር ዳር ታዝዟል፣ መንገድ ላይ ነው አለ። በየጊዜው እስከ በሩ ድረስ ይሸኘኛል፤ ክንዴን ይዞ ደረጃውን ያወርደኛል። እኔም በየጊዜው አመሰግነዋለሁ። አዎ፣ አመሰግነው ነበር። ሰው ሲነሳልህ አለማመስገን ነውር ነው ተብለን ነው ያደግን።

ከሦስተኛው ጉዞ ስንመለስ፣ ዳገቱ ላይ ቆመን ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ስንጠብቅ፣ ልጄ እጇን በጨርቅ እየጠረገች ተናገረች።

"አባዬ፣ ሰውየው እርስዎን ባያከብርዎ ኖሮ ባጃጇ ይኸኔ ተሠርታ ነበር።"

ተራዋ ሊወሰድ የቀረው አንድ ሳምንት ነበር። ከእሷ ቀጥሎ ተራ የሚጠብቅ ሰው እንዳለ፣ ያም ሰው በየቀኑ ተራ አስከባሪው ዘንድ እየመጣ እንደሚጠይቅ ነግራኛለች። እኔ በዚያች ሌሊት ምን አሰብሁ ብትሉኝ ወንበሩን ነው ያሰብሁ። ባዝራዬን ለባጃጅ የሸጥሁ መስሎኝ ነበር፤ ለአንድ መቀመጫና ለአንድ ጠርሙስ ለስላሳ መሸጤ ያን ጊዜ ገባኝ።

በገበያ ቀን ሄድን። ሰውየው እንደ ልማዱ ብድግ ብሎ ወንበሩን ጠረገ።

"አልቀመጥም" አልሁት።

"ምነው አባቴ፣ አመመዎት?"

"ደህና ነኝ። ባጃጇ እስክትሠራ ቆሜ እጠብቃለሁ።"

በእኛ አገር ሽማግሌ ለጉዳይ መጥቶ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም። ልጅ ልታጭ ብትሄድም፣ የተጣላ ልታስታርቅ ብትሄድም ወጉ ይኸው ነው። እሱም ወጉን ያውቀዋል፤ ስለዚህ ሳቁ ከፊቱ ላይ ትንሽ ዘግይቶ ወረደ። እኔ ወጣሁና በሩ ፊት፣ ገበያተኛው በሚያልፍበት ላይ፣ ዱላዬን ተደግፌ ቆምሁ።

የሚያልፈው ሁሉ ይጠይቃል። ሽማግሌ በፀሐይ ቆሞ ሳይጠይቁ ማለፍ አይቻላቸውም። ለሁሉም አንድ መልስ ነበረኝ፤ ባጃጅ ሸጦልን ዳገት አልወጣም አለች፣ እስኪሠራት ነው የቆምሁ እላለሁ። አልሰደብሁትም። እሱ ወንበሩን ይዞልኝ ወጣ፤ አልተቀመጥሁም። ጃንጥላ ይዞ ወጥቶ ከራሴ በላይ ዘረጋልኝ፤ እሱ ራሱ ሲይዘው ክንዱ ደከመና አጠፈው። ሰው የሚሰበሰበው በዚሁ ነበር። እኔ ብቻዬን ብቆም ይኸን ያህል አያዩኝም ነበር፤ ጃንጥላው ነው የጠራቸው።

በመጨረሻ ጆሮዬ ሥር ገባ።

"አባቴ፣ ሰው እያየን ነው።"

"እንዲያየን ብዬ ነው የወጣሁ" አልሁት።

አንድ ከቆላ የመጣ ገበሬ ከውስጥ ቀይ ባጃጅ ሲያማርጥ ቆይቶ ወጣ። ለወንድሜ ልገዛ ነበር፣ እውነት ነው ወይ የሚሉት ብሎ ጠየቀኝ። ሻጩ ቀድሞኝ፣ አባታችን አርጅተው ነው፣ እንኳን የእንጅባራን ዳገት ሌላም ትወጣለች አለ። ሰዎቹ ሳቁ። ያን ጊዜ የፈረስ ገበያው ትዝ አለኝ። በእኛ ዘንድ ፈረስ የሚሸጥ ሰው መጀመሪያ ራሱ ይቀመጥበታል፤ ገዥ እያየ ጋልቦት ይመለሳል። ሳይቀመጥበት የሚሸጠውን ማንም አይጠጋውም።

"እንግዲያው ተቀመጥባት" አልሁት። "አንተ ንዳት። እኔና ልጄ፣ ይኸም ገበሬ ወንድሜ ከኋላ እንሆናለን። ዳገቱን ካወጣኸን ወንበርህ ላይ ቁጭ ብዬ ለስላሳህን እጠጣለሁ።"

አንድ ባለጋሪ ከገበያተኛው መሐል፣ አይዞህ፣ ካቃተህ የእኔ ፈረስ ይጎትታችኋል አለው። እምቢ ማለት አልቻለም። እንዲነሳ ያደረገው እፍረት አይመስለኝም፤ ቀዩን ባጃጅ ለመሸጥ ተስፋ አልቆረጠም ነበር።

ሜዳው ላይ የሰውየው ወሬ ብዙ ነበር። ስለ ሞተሩ ጥንካሬ፣ ስለ እናቱ ጸሎት፣ ሽማግሌ ማክበርን ከማን እንደተማረ። ዳገቱን ስንጀምር ወሬው እያጠረ መጣ። ሞተሩ ጮኸ። የሚቃጠል ነገር ሸተተን። ባጃጇ ቆመችና ወደ ኋላ መጣች። ልጄ ቀድማ ወርዳ ነበር፤ ያችን ድንጋይ ከመንገዱ ዳር አንስታ ከጎማው ሥር ወሸቀች። እዚያው እንደተውናት ነበረች።

"ነዳጅ ይሆናል" አለ ሰውየው።

ገበሬው ወረደና ነዳጁን ከፍቶ አየው። ሙሉ ነበር፤ መልሶ ከደነው። እኔም ለመውረድ ዱላዬን ፈለግሁ። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ቆመው ያያሉ። ሰውየው አያቸውና ድምፁን ከፍ አደረገ።

"ይቀመጡ አባቴ፣ እርስዎማ አይወርዱም። እኔ እገፋለሁ።"

እዚያም ላይ! የሸጠልን ብረት ከነውሸቱ ዳገት ላይ ተገትሮ፣ እሱ አሁንም በእኔ ሽበት ሰው ፊት ሊያምርበት ይፈልጋል። እኔ ሰው ላስቸግር የማልወድ ሰው ነኝ፤ ሌላ ቀን ቢሆን ወርጄ አብሬው እገፋ ነበር። ያን ቀን ግን ዱላዬን ጭኔ ላይ አጋደምሁና ተመቻችቼ ተቀመጥሁ። ልጄ መሪውን ያዘች። እሱ ከኋላ ገፋ። ዝናብ ከርሞበት መንገዱ ዳር ጭቃ ነበር፤ የሚያበራው ጫማ እንዴት እንደሆነ ልነግራችሁ አልፈልግም። ገበሬው ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከጎኑ እየተራመደ ያየው ነበር። አልረዳውም። እኔ በመሐል በመሐል ዞር እያልሁ፣ ደከመህ እንዴ ልጄ እለው ነበር፤ እሱም ኧረ በፍጹም አባቴ ይለኛል።

ከአፋፉ አዙረን ቁልቁል ዳንግላ ገባን። ለቅሶ የሄደው መካኒክ ከሱቁ ጀርባ ምሳ እየበላ ተገኘ። ከባሕር ዳር ይመጣል የተባለው ዕቃ መደርደሪያው ላይ ነበር። ሁሉም እዚያው ነበር፣ ያን ሁሉ ሳምንት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ተሠርታ አለቀች። አሁንም ራሱ ነዳት፤ ያንኑ ዳገት እኛን ጭና ወጣች። አፋፉ ላይ ሲያስረክበን ሊያቅፈኝ እጁን ዘረጋ፤ እኔ ደህና ዋል ብዬው ፊቴን ወደ እንጅባራ አዞርሁ። ገበሬው ቀዩን ባጃጅ እንዳልገዛ በኋላ ሰማሁ።

ልጄ ተራዋ ሊወሰድ ሦስት ቀን ሲቀረው መስመሯ ላይ ገባች። ያ ሰው አሁንም ተራ አስከባሪው ዘንድ ቆሞ ነበር አሉ፤ ስታልፍ ጥሩንባ ነፋችለት።

ጥቂት ወራት ቆይቶ አንድ እንግዳ ቤቴ መጣ። ዳንግላ ባጃጅ ሊገዛ ነው። ሻጩ ስለ እኔ እንዲህ ብሎ ነግሮት ኖሯል፤ እኔ የሸጥሁትን የማልከዳ ሰው ነኝ፤ አንድ የእንጅባራ ሽማግሌ ባጃጃቸው መንገድ ላይ ብትቆምባቸው ዳገቱን በእጄ ገፍቼ ያወጣሁ፣ ሄደህ ጠይቃቸው ይላል አሉ። እንግዳው እውነት መሆኑን ሊጠይቀኝ ነው የመጣ። ያን ጊዜ ነው ነገሬ ከንዴት አልፎ ንቀት የሆነው። መግፋቱን እንኳ አጥቦ፣ ቀለም ቀብቶ ሸጠው። እውነት ነው፣ ገፍቷል አልሁት። ከመግዛትህ በፊት ዳገት ፈልግ፣ ወንበር ከሰጠህም አትቀመጥ ብዬ ላክሁት።

አሁን በየሳምንቱ ልጄ ቤተ ክርስቲያን ታደርሰኛለች። ዳገቱ ሥር ስንደርስ፣ ከዚያ ሁሉ ልማድ የተነሳ፣ ሳላውቀው ዱላዬን ይዤ ለመውረድ እነሳለሁ። እሷ ወደ ኋላ ዞር አትልም፤ በመስታወቱ ታየኛለች።

"ይቀመጡ አባዬ" ትለኛለች።

እቀመጣለሁ።