አንድ ጅራት፣ አንድ ጥይት

ለበዓል ዶሮ ልገዛ ሸጎሌ ገበያ ስወርድ፣ ሌላው ሰው ደረቱን እየጨበጠ፣ ክንፉን እየገለጠ ሥጋ አለው የለውም ሲል፣ እኔ መጀመሪያ የማየው ጅራቱን ነው። ጅራተ ረጅም ቀይ አውራ ዶሮ ካየሁ ብቻዬን ፈገግ እላለሁ። ነጋዴው በዋጋው የሳቅኩ እየመሰለው ፊቱን ያጠቁርብኛል። ምን ብዬ ላስረዳው? በእንዲህ ያለ ጅራት አንድ ሰው ተበቅያለሁ አይባል ነገር።

አዎ፣ ቂመኛ ነኝ። አልደብቅም። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከእንጦጦ ማርያም አስቀድሰን ስንወርድ ሳይቀር "ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት" እያለች ትመክረኝ ነበር። እሷ ትመክራለች፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ እሰማለሁ፣ ቂሜ ደግሞ እዚያው የነበረበት ነው።

ልጅ እያለሁ፣ በደርግ ጊዜ ማለቴ ነው፣ ጉለሌ ግማሹ ሰፈር ግማሹ ገጠር ነበር። አባቴ ሸማኔ ነው፤ ጠዋት የሚቀሰቅሰን የመወርወሪያው ድምፅ ነበር። ከቤታችን ጀርባ ባሕር ዛፍ፣ ከፊታችን ቁልቁል እስከ ወንዙ ድረስ ደግሞ የቀበሌው የገብስ ማሳ። ዝናብ ሲያባራ የባሕር ዛፉ ቅጠልና የእርጥብ አፈሩ ሽታ አንድ ላይ ይመጣል። ያ ሽታ ዛሬም አንዳንዴ ያውደኛል፣ ከየት እንደሚመጣ አላውቅም።

ታላቅ ወንድሜ አበራ ርግብ ያረባ ነበር። ከሣጥን እንጨት የሠራው የርግብ ቤት ጣራችን ጥግ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ ሲያፏጭ ከየጎረቤቱ ቆርቆሮ ላይ ተነስተው ይመጡና ትከሻው ላይ ያርፋሉ። ከሁሉም የምትበልጥብን ሙሽራ የምንላት ነበረች፤ ነጭ ናት፣ እግሯ ድረስ ላባ የለበሰች። ስትራመድ ጫማዋ እንዳይቆሽሽ የምትጠነቀቅ ነው የምትመስለው።

አበራ ለብሔራዊ ውትድርና የተወሰደ ጊዜ እናቴ እያለቀሰች ነበር። አበራ ወደ እኔ ዞር አለና "ርግቦቼን አደራ" አለኝ። ያን ቃል ይዤ ቀረሁ። ከጦር ሜዳ ወሬ በጠፋብን ወራት ሁሉ፣ ርግቦቹ ካሉ እሱም አለ የሚል ነገር ልቤ ውስጥ ገባ። የልጅ ነገር ነው፣ ግን እንዲያ ነበር የማምነው። ፉጨቱን እንዳይረሱ ብዬ ባሕር ዛፉ ውስጥ ተደብቄ ማፏጨት ተማርኩ። ሴት ልጅ አታፏጭም እያሉ የሰፈሩ አሮጊቶች ለእናቴ ከሰሱኝ፣ ተገረፍኩ፣ በማግስቱም አፏጨሁ።

ገብሱ እሸት ሲደርስ ወፍ ይወርድበታል። ድሮ ወፍ የምንጠብቀው እኛ ልጆች ነበርን፤ ወንጭፍና ጩኸት ይበቃ ነበር፣ ደመወዛችንም እፍኝ እሸት ነው። በዚያ ዓመት ግን ቀበሌው የአየር ጠመንጃ አወጣ። በአሰሳ ጊዜ ከአንድ ትልቅ ቤት ከሌሎች መሣሪያዎች ጋር የተወሰደ ነው ይባላል። ባሩድ የለው፣ ሰው አይገድል፣ ማንም ሳይፈልገው መጋዘን ተቀምጦ ከርሞ፣ ለገብሱ ወፍ ይሁን ተባለና ለጥበቃው ለጋሽ ደምሴ ተሰጠ። ጋሽ ደምሴ ከዚያ በፊት ዱላ የያዘ ሰላምተኛ ሰው ነበር። ጠመንጃውን ካንጠለጠለ በኋላ ግን አረማመዱ ተለወጠ፣ ሰላምታውም በአገጭ ሆነ።

ጥይቱ ምስር የሚያህል እርሳስ ነው። ቢሆንም የመንግሥት ጥይት ነውና ያለ ማስረጃ አይሰጥም። የቀበሌው ሊቀመንበር ሕግ አወጣ፤ አንድ ጅራት ያመጣ አንድ ጥይት ይወስዳል። ጋሽ ደምሴ የገደለውን ወፍ ጅራት ነቅሎ፣ በክር አስሮ፣ እሁድ ስብሰባ ላይ በሕዝብ ፊት ጠረጴዛው ላይ ይዘረግፋል። ጅራት ካላመጣ ጠመንጃው ለሌላ ሰው ይሰጣል ተባለ። ችግሩ ጋሽ ደምሴ ተኩሶ አይመታም። የገብስ ወፍ አውራ ጣት ታህላለች፣ አንድ ቦታም አትቆይም። የኛ ርግቦች ደግሞ ሰው ለምደዋል፣ ሲጠጓቸው አይሸሹም።

ከትምህርት ቤት ስመለስ የመጀመሪያውን የሞተ ርግብ ቦይ ውስጥ አገኘሁት። ጅራት የለውም። ጋሽ ደምሴ አላነሳውም እንኳ፤ ጅራቱን ነቅሎ ጥሎት ሄዷል። በሳምንቱ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። ዘግቼ ላቆያቸው ሞከርኩ፣ ግን ሰው እህል በቸገረው ዘመን ለርግብ ምን ይሰጣል? መልቀቅ ግድ ሆነ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ቀበሌ ሄደች፣ እኔም ቀሚሷን ይዤ ተከተልኩ። ልጄ ግዳጅ ላይ ነው፣ ርግቦቹ የሱ ናቸው፣ ገብስም አይነኩም፣ ይዩልኝ ብላ ለሊቀመንበሩ አስረዳች። ጋሽ ደምሴ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ሳይጠየቅ "ጓድ፣ ገብሱን የጨረሱት እነሱ ናቸው" አለ። ሊቀመንበሩም የግል ርግብ ከሕዝብ ገብስ አይበልጥም ብሎ አሰናበተን። እናቴ እጅ ነስታ ወጣች። እጅ መንሳቷ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በዚያው ሰሞን ጋሽ ደምሴ ሙሽራን ገደላት። ጣራው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ውሃ ስትጠጣ ነው፤ ጎረቤት አይቷል። ጎጆዋ ውስጥ ዓይኑን ያልገለጠ ጫጩት ነበራት። እሁድ በስብሰባው አዳራሽ መስኮት ተንጠላጥዬ ነጩን ጅራቷን ጠረጴዛው ላይ አየሁት። ሊቀመንበሩ በእርሳስ ጫፍ ገፋ አድርጎ ቆጠረው፣ ጋሽ ደምሴም ጥይቱን ተቀብሎ ኪሱ ከተተ። ቤት ገብቼ ባቄላ እያኘክሁ ጫጩቱን ከአፌ አጎረስኩት። እያጎረስኩትም ማልኩ፤ ይሄን ሰውዬ በጅራት ነው የምይዘው አልኩ።

ሊቀመንበሩ የሚወደው አንድ አውራ ዶሮ ነበረው። ቀይ፣ ጅራቱ ጥቁር ሆኖ ፀሐይ ሲያርፍበት አረንጓዴ የሚል። ሊቀመንበሩ ግቢው ውስጥ ሲንጎራደድ ከኋላው ደረቱን ነፍቶ ይከተለዋል። እኛ ልጆች በድብቅ "ምክትሉ" እንለው ነበር። የሊቀመንበሩ ሚስት እትዬ ሙሉ አባቴ ዘንድ ጥለት ያለው ነጠላ አሠርታ ኖሮ፣ ቅዳሜ ወደ ማታ አድርሺላት ተብዬ ተላክሁ። እግዜር አመቻቸልኝ አልኩ። እግዜር በእንዲህ ያለ ነገር ይገባል አይገባም አላሰብኩበትም።

እትዬ ሙሉ ነጠላውን ይዛ መስታወት ፊት ስትዞር እኔ ማድ ቤት ገባሁ። ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ ወጥተዋል። ያን ሰሞን ደግሞ ጉንፋን ይዞኛል፣ ጉሮሮዬን ይከረክረኛል። ሳል ይዞ ስርቆት ያለችው እናቴ ብታየኝ! ትንፋሼን ውጬ፣ ጅራቱን በሁለት እጄ ጨብጬ ባንዴ መዠረጥኩት። ምክትሉ ሰፈሩ እስኪሰማ ጮኸ፣ እኔም በዚያው ሳሌን ለቀቅሁት። ላባውን ቀሚሴ ውስጥ ከትቼ ስወጣ እትዬ ሙሉ መጥረጊያ ይዛ እየሮጠች መጣች። ሸለምጥማጥ ነው፣ በዚህ በኩል አመለጠ አልኳት። በማባረሬ መርቃኝ ዳቦ ሰጠችኝ፤ ዳቦውንም በላሁት።

ላባውን ጋሽ ደምሴ እንደሚያስረው አድርጌ አሰርኩት። ኪሴ ውስጥ የነበረው ክር የአባቴ የጥለት ክር ነበር፤ ሐምራዊ። ምንም አልመሰለኝም።

እሁድ ወላጆቻችን ስብሰባ ሲገቡ እኛ አዳራሹ በር ላይ ሰኞ ማክሰኞ እንጫወታለን። መሣሪያ ይዞ ስብሰባ መግባት ክልክል ስለሆነ ጋሽ ደምሴ ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ የጅራት ከረጢቱን አፈሙዙ ላይ አንጠልጥሎ ከሰው ጋር ወሬ ያዘ። ጠጠሬን ሆን ብዬ ወደዚያ ወረወርኩ፣ ላነሳ ጎንበስ አልኩ፣ ጅራቱንም ከረጢቱ ውስጥ ከተትኩ። ከዚያ ሮጬ መስኮቱ ላይ ተንጠለጠልኩ።

ሊቀመንበሩ ከማታው ጀምሮ ተናዶ ያደረ ሰው ነው፤ ሸለምጥማጥ ዶሮዬን እርቃኑን አስቀረው እያለ ለሁሉ ሲያወራ ነበር። ተራው ሲደርስ ጋሽ ደምሴ ከረጢቱን እንደ ልማዱ ዘረገፈው። እንደ ልማዱም ደረቱን ነፍቶ ወደ ሕዝቡ እንጂ ወደ ጠረጴዛው አላየም። ሊቀመንበሩ ያን ረጅም ጅራት አንስቶ አገላብጦ አየ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ጓድ ደምሴ፣ ይሄ የምን ወፍ ነው?" አለ።

ጋሽ ደምሴ ዞር ብሎ ሳያይ መለሰ። "እሱማ ጓድ፣ ገብሱን የጨረሰው እሱ ነው። አድፍጬ ነው የጣልኩት።"

ከኋላ አንዲት ሴትዮ ሳቋ አመለጣት፣ ከዚያ የቀረው ሁሉ አብሮ በሳቅ ፈነዳ። ጋሽ ደምሴ ዞሮ ጅራቱን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። እኔ አልነካሁትም፣ በማርያም አልነካሁትም ይላል፤ አሁን ጣልኩት ያለውን ማን ይስማው? እኔ መስኮቱ ላይ ሆኜ ደስታ ሊገድለኝ ነው። ድንገት ግን ሊቀመንበሩ ጅራቱ የታሰረበትን ክር በጣቱ ሲነካ አየሁ። ሐምራዊ። በሰፈሩ ውስጥ ያን ቀለም የሚሸምን አባቴ ብቻ መሆኑን ያን ጊዜ አስታወስኩ። እትዬ ሙሉ ደግሞ በዚያው ክር የተሠራውን አዲስ ነጠላ ለብሳ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። በዚያ ዘመን ሰው ከዚህ ባነሰ ነገር ተወስዶ ይቀር ነበር።

አባቴ ስብሰባ ላይ ተናግሮ አያውቅም። ያን ቀን ተነሳ። ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ድረስ ሄደ፣ ይቅርታ ጓድ ብሎ ጅራቱን ከሊቀመንበሩ እጅ ተቀበለ፣ ለሕዝቡ ከፍ አድርጎ አሳየ። "የልጄንም ርግቦች የፈጃቸው እንዲሁ ብሎ ነው" አለ። ላባውን መልሶ ሲያስቀምጠው ጠረጴዛው ላይ ተበታተነ። ክር የሚባል ነገር አልነበረበትም።

ጠመንጃው ያንኑ ዕለት ተመልሶ መጋዘን ገባ። ጋሽ ደምሴ ግን ከገብሱ አልተነሳም፤ ወፉን በጣሳ ያባርር ተባለ። እስከ አጨዳ ድረስ ማሳው መሃል ቆሞ ጣሳ ሲደበድብ ይውላል፣ እኛም ከትምህርት ቤት ስንመለስ ቆመን እናየዋለን። ልጆቹ "ደምሴ ዶሮ" የሚል ስም አወጡለት። እኔ ሁልጊዜ የመጨረሻዋ ሆኜ ነበር ከዚያ የምሄደው። አይበቃሽም ወይ ብትሉኝ፣ አልበቃኝም።

አባቴ ያን ማታ ሐምራዊዋን ክር ከኪሱ አውጥቶ ፊቴ አስቀመጠ። ዱላውን ስጠብቅ "ሁለተኛ በነጭ ክር እሰሪ" አለኝና ወደ ሥራው ዞረ። እናቴ ይህን ሳትሰማ ነው ያረፈችው።

አበራ መንግሥት ሲለወጥ ከሰሜን በእግሩ መጣ፣ ከስቶ፣ ጠቁሮ። በሩን ሳያንኳኳ መጀመሪያ አፏጨ። የሙሽራ ጫጩት አድጎ፣ ወልዶ፣ አዋልዶ ነበርና ጣራው ላይ ያሉት ርግቦች ሁሉ ባንዴ ተነሱ፤ ሄደው ትከሻው ላይ አረፉ። ደጅ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። የሆነውን ሁሉ ስነግረው የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እየበረሩ ነው የመታቸው ወይስ ተቀምጠው? ተቀምጠው አልኩት። እንትፍ አለ።

ዛሬ ገብሱ የነበረበት ሁሉ ቤት ነው። ርግብ በየፎቁ ላይ ሞልቷል፣ በፉጨት የሚጠራው ግን የለም። ጋሽ ደምሴ አለ፤ አርጅቷል፣ ከበሩ ፊት ለፊት ፀሐይ ሲሞቅ ይውላል። የወላጆቼን ቤት ለማየት ስሄድ ዳቦ ይዤለት እገባለሁ፣ ክርኑን ይዤ ወደ ጥላ አዛውረዋለሁ። ይመርቀኛል። ከዚያ ያቺኑ ወሬ ይጀምራል። ያን ዶሮ እንዳልነካው፣ ጅራቱ ከረጢቱ ውስጥ እንዴት እንደገባ ይሄን ሁሉ ዘመን አስቦ እንዳልደረሰበት፣ የገዛ ልጆቹ እንኳ እንደሚስቁበት። ባለፈው ፋሲካ እጄን ያዘና "ልጄ፣ አንቺስ ታምኚኛለሽ?" አለኝ።

"አምንዎታለሁ ጋሼ" አልኩት። ከልቤ ነው፤ በዓለም ላይ እሱን የሚያምን ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። እንባው መጣ። አንጀቴን በላው፣ አልዋሽም፣ ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ ርግቦቹን ቢያነሳ ሁሉንም እነግረዋለሁ ብዬ ጠበቅሁት።

እሱ ስለ ዶሮው ቀጠለ።