ከገንዳው የተቀዳ ውሃ

ወልደዮሐንስ የመጎተቻውን ገመድ ቋጠሮ ይፈታ ነበር። ገመዱ ላንድሮቨሩን ከወናጎ እስከ ዲላ ሲጎትት ስለተሳበ ቋጠሮው እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። በጥፍሩ ሲያቅተው በምስማር ይሰረስረዋል፤ ትንሽ ሲላላለት ምስማሩን በከንፈሩ ይዞ እንደገና በጣቶቹ ይስባል።

«ኧረ ቁረጠው ወልዴ!» አለው መካኒኩ ገሪማ፣ ራሱን ከኮፈኑ ስር ሳያወጣ።

«ደህና ገመድ ነው።»

«መኪናው ሞቶ ገመድ ያስታምማል!»

በጋራዡ በር የሚያልፉ ሾፌሮችም ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው አንገታቸውን እየደፉ «ነፍስ ይማር፣ ጋሼ» ይሉትና ይስቃሉ። ወልደዮሐንስም «ይማር» ይላል። ሃያ ሁለት ዓመት የነዳው መኪና ስለሆነ ሰው ሁሉ እንባውን ይጠብቃል። እሱ ግን ውስጡን ቢፈልግ ምንም አላገኘም። ጥርስ ሊነቀል መርፌ እንደተወጋ ድድ ነበር፤ መኖሩን ያውቀዋል፣ አይሰማውም።

ገሪማ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ ጣቱን ነከረና ቡናማ ዝልግልግ ነገር አወጣ። በሁለት ጣቶቹ መሃል ሳብ ሳብ አደረገው።

«ይኸውልህ፣ ዘይቱ ከውሃው ጋር ተደባልቋል። የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታታው ብቻ ቢሆን አውርደን፣ ከስሩ ያለውን ጓርኒሲዮን ቀይረን እንገላገል ነበር። ይሄ ግን ብሎኩ ሳይሰነጠቅ አይቀርም። ብሎክ ከተሰነጠቀ ደግሞ መቅበር ነው።»

ጉንፋን አፍንጫውን ባይዘጋው ኖሮ ገሪማ ሽታውን ይለየው ነበር። ዝልግልጉ ከዘይት የመጣ አልነበረም፤ ከቡና ነው።

ማክሰኞ ዕለት ወልደዮሐንስ ከሬኮ መንደር በላይ ካለው የአሠሪዎቹ የነዚያድ ቡና መፈልፈያ ሊነሳ ሲል የራዲያተሩ ውሃ ጎድሎ አገኘው። ምንጩ ከመንገዱ በታች መቶ እርምጃ ያህል ቁልቁል ነው፤ መመለሻው ደግሞ አቀበት። ቀኝ ጉልበቱ ከመስከረም ጀምሮ ቁልቁለት አይወድም። ይህንን ለማንም አልተናገረም፤ ለሚስቱ ለአልጋነሽ እንኳ። ጀሪካኑን ይዞ ጥቂት ቆመ። ከዚያ ዞሮ፣ የተፈለፈለው ቡና ተዘፍዝፎ ካደረበት ገንዳ የሚወጣውን ውሃ ቀዳ። በኮፍያው አጥልሎ ሞላው። ይርጋጨፌ ሲደርስ በንጹህ ውሃ ሊለውጠው አስቦ ነበር። ይርጋጨፌ ሲደርስ ግን ዝናብ ጀመረ፤ ጭነቱ እንዳይረጥብ ሸራ ሲያለብስ፣ ሸራውን ሲያስር ረሳው። ወናጎ ላይ ከኮፈኑ ስር እንፋሎት ወጣ፤ ሞተሩም ጠፋ።

ወልደዮሐንስ የቡልጋ ልጅ ነው። በአስራ ስምንት ዓመቱ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ዲላ ገባ። መኪናው ሲመለስ እሱ በወባ ተኝቶ ቀረ። ያስታመሙት ሐጂ ኡስማን፣ የዚያድ አባት ነበሩ፤ ከሱቃቸው ጀርባ፣ በጨርቅ ጥቅል ላይ አስተኝተው። ከዳነ በኋላ ሱቅ አስቀመጡት፣ መንጃ ፈቃድ አስወጡለት፣ ላንድሮቨሩን የገዙ ዕለትም ቁልፉን እጁ ላይ አኖሩለት። ነዳጅ መያዣው ቢበሳበት በሳሙና ደፍኖ ከጨለለቅቱ ዲላ ይገባል። የኋላው በር የሚዘጋው በሽቦ ነው፤ አስተሳሰሩን ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ጌዴኦኛ የተማረው ከኋላ ተጭነው ከሚጨቃጨቁ ቆጮ ነጋዴ ሴቶች ስለሆነ ከሰላምታው ይልቅ ስድቡን አሳምሮ ይችላል።

ሐጂ ካረፉ ወዲህ ንግዱን የያዘው ዚያድ ነው። ረፋድ ላይ ጋራዥ መጥቶ የገሪማን ፍርድ ቆሞ ሰማ። ከዚያ ወደ ወልደዮሐንስ ዞረ።

«እሱ መካኒክ ነው፤ መኪናውን የሚያውቁት ግን እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ። ላሰራው ወይስ ልቀይረው? ልቀይረው ካልኩ የወናጎውን ቤት መሸጥ አለብኝ። እናቴን ወደዚህ አመጣታለሁ። ቡናው ቀልቷል፣ ገበሬው እየጠበቀኝ ነው።»

ወልደዮሐንስ ገና ያልተፈታውን ቋጠሮ አየ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ያቺን ቃል ካወጣት ግን የጉልበቱም ምስጢር አብሮ ይወጣል።

«ገሪማ እንዳለው ነው» አለ።

ዚያድ ትከሻውን ያዝ አደረገው። «አይዞዎት። አዲሱንም የሚነዱት እርስዎ ነዎት።»

ወልደዮሐንስ ይህን ሲሰማ ደስ ሊለው እንደሚገባ አሰበ። አላለውም።

«እንግዲያው ወናጎ ደርሰው የቤቱን ካርታ ከእናቴ ተቀብለው ይምጡልኝ» አለ ዚያድ። «ቤቱን የሚገዛው ሰው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣል። እኔ ብሄድ ታለቅስብኛለች። እርስዎን ደግሞ ታምናለች።»

ሚኒባሱ ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠ። በየመታጠፊያው ቀኝ እግሩ ሳያዘው የሌለ ፍሬን ይረግጣል፤ በረገጠ ቁጥር ጉልበቱ ይከዳዋል። ሾፌሩ አይቶ «አባባ፣ ፍሬኑ እኔ ጋ ነው» አለው። ሰው ሳቀ። ወልደዮሐንስ ሁለት እጆቹን ጉልበቱ ላይ ጭኖ መንገዱን ያይ ጀመር።

የዚያድ እናት እትዬ ሀጅራ በረንዳቸው ላይ በርበሬ ይቀነጥሱ ነበር። ጓሮው ከሐጂ ጋር የተከሉት ቡናና እንሰት ነው፤ የቡናው ቅርንጫፍ በፍሬ ከብዶ አጥሩ ላይ ተደፍቷል።

«ማቅ ሳትለብስ መጣህ?» አሉት። «ተቀመጥ፣ ቆመህ አታናግረኝ፤ አንገቴን ያመኛል።»

ግድግዳውን ይዞ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። አዩት። ወደ ጓዳ ገብተው በነጭ ሻሽ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ወጡና ጭኑ ላይ አኖሩለት።

«ዚያድ ማታ በስልክ እንሸጠው ይሆናል ብሎኝ ከሌሊት ጀምሮ አዘጋጅቼዋለሁ። ሐጂ ያረፉት እዚያ ክፍል ነው» አሉ፤ በአገጫቸው በሩን እያመለከቱ። «ግን ዚያድ ልክ ነው፤ ቤት አያበላም፣ መኪና ያበላል።» የበርበሬውን ሰፌድ አንስተው መልሰው አስቀመጡት። «ወልዴ፣ ወላሂ እኔ መካኒክ አላምንም። አንተ ሞቷል ካልከኝ ግን ሞቷል። ሞቷል?»

ሻሹ ጥግ ላይ በአረንጓዴ ክር የተሰፋ ትንሽ ቅጠል ነበር። ወልደዮሐንስ እሱን አየ።

«አልሞተም» አለ።

ድምፁ የጉዞ ሒሳብ እንደሚናገር ሰው ነበር። በዚያው ድምፅ ምንጩን፣ ቁልቁለቱን፣ ገንዳውን፣ ኮፍያውን በተራ ነገራቸው። «ዘይት መስሎት ነው እንጂ ገሪማ አልዋሸም። ሞቆ ጓርኒሲዮኑን አቃጥሎ ይሆናል። ራዲያተሩ ቢታጠብ፣ ጓርኒሲዮኑ ቢቀየር ይነሳል።»

«በኮፍያህ አጥልለህ?»

«በኮፍያዬ።»

«የኔን ቡና ለሞተር!» እትዬ ሀጅራ እጃቸው በርበሬ መሆኑን ረስተው አፋቸውን ሊይዙ ሲሉ ተዉት፤ ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ። «እና ጉልበትህ ምንጭ መውረድ ካቃተው ፍሬኑስ?»

«አንዳንዴ ይከዳኛል።»

«ሰው ጭነህ?»

«ሰው ጭኜ። ከመስከረም ጀምሮ።»

በጓሮው አንዲት ዶሮ ቅጠል ትጭር ነበር።

«ዚያድ ሲሰማ መሪውን ይወስድብሃል» አሉ። አይዞህ አላሉትም።

«ይውሰደው።»

«ምሳ ብላና ሂድ።»

«ገሪማ ሞተሩን እንደ ቁራሌው ብረት ሳይበታትነው ልድረስ።»

የተጠቀለለውን ካርታ ከጭኑ አንስቶ በርጩማው ላይ አኖረ። ግድግዳውን ይዞ ተነሳ። እትዬ ሀጅራም ካርታውን አላነሱም፣ «ያዘው» አላሉትም። በሩን ሲያልፍ ቀለል ሊለኝ ይገባ ነበር ብሎ አሰበ፤ ውስጡ ግን ያው እንደጠዋቱ ደንዝዞ ነበር።

አስፋልቱ ዳር ቆሞ ወደ ዲላ የሚሄድ ሚኒባስ በእጁ አስቆመ። ዚያድ ዘጠኝ ሰዓት ብሎት ነበር፤ ገዥው መጥቶ በሱቁ በረንዳ ላይ ይጠብቃል። ካርታው ወናጎ፣ በርጩማው ላይ፣ በሻሹ እንደተጠቀለለ ቀረ።