ጥርሱ የተሰበረ ካሴት

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ከጎንደር ደወለልኝ። ባንድ አለን፣ የድሮ የኪነት ዘፈኖችን እየፈለግን እንደገና እንሠራለን አለኝና አንዱን በስልኩ አጫወተልኝ። ከበሮው ገና ሲጀምር አወቅሁት። «እትዬ ብርቱካን፣ ዜማውን ያወጡት እርስዎ ነዎት አሉ። ቅንብሩ እንዴት ያምራል!» አለኝ። ቅንብሩን እሳት ይብላው! ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ልጁ ምን አደረገኝ? ምንም። ግን አንዳንድ ንዴት አርባ ዓመት ቢያልፈውም አይበርድም።

ያኔ ደርግ ነበር፤ እኔም መተማ ዮሐንስ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ኮረዳ ነበርኩ። ከድንበሩ ማዶ፣ ከሱዳኗ ገላባት የመጣ፣ አንድ ክሩ የጎደለ ጊታር ነበረኝ። ዘፈን የምሠራው በእናቴ የሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ነው። ሙሉ ጆንያ ሲከብሽ ድምፅ አያስተጋባም፤ ይህን ማንም አላስተማረኝም፣ ራሴ ነኝ የደረስኩበት። ቴፑን ጆንያ ላይ አስቀምጬ ቀዩን ቁልፍ እጫናለሁ። አንዳንዴ የጎረቤት አውራ ዶሮ ይገባበታል፤ ይግባ፣ ማን ይሰማኛል ብዬ።

የዚያን ዓመት ክረምት ግቢያችን ውስጥ አላምረው የሚባል የጎጃም ሰው ተኝቶ ነበር። ሳሉግ ነው፤ ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚወርዱትን የቀን ሠራተኞች እንዲያ ነው የምንላቸው። ካላዛር የሚሉት የቆላ በሽታ ይዞት፣ ሆዱ አብጦ ፊቱ ጠቁሮ፣ ከመንግሥት እርሻው አውጥተው መንገድ ላይ ጣሉት። እናቴ አስገባችው። ከማሽላ እንጀራው አንድ ሁለት ጉርሻ ወስዶ ይተወዋል፤ ከርከዴ፣ ያን ቀይ የአበባ ሻይ፣ ግን ቀዝቅዞ ሲሰጡት ይጠጣል።

አንድ ቀን ጊታሬን ሰምቶ ጠራኝ። «እቴ፣ እኔስ አለቀልኝ። ታናሼ ይታየው ግን ዘንድሮ እወርዳለሁ ብሏል። እኔ አልጽፍ፣ እሱ አያነብ። ድምፄን ላኪልኝ» አለኝ። ያኔ በእኛ አገር ደብዳቤ በካሴት ነበር፤ ሰው ናፍቆቱንም መርዶውንም ቀድቶ በሾፌር ይልካል።

አላምረው በመንደራቸው አረም ሲያርሙ የሚያንጎራጉሩትን ዜማ አንጎራጎረልኝ፣ እኔ በጊታር ተከተልኩት፣ ግጥሙን አብረን ገጠምን።

«ወንድሜ ይታየው፣ አትውረድ አደራ፣
ሰሊጡ ይቅርብህ፣ ጤፍህን እዚያው ዝራ።»

በአንድ ጊዜ ነው የቀዳነው፤ ሁለተኛ የሚዘፍንበት ትንፋሽ አልነበረውም። መሀል ላይ ሳል አለበት። ሌላ ነገር እንዳይቀዳበት የካሴቱን ትናንሽ የጀርባ ጥርሶች በቢላዋ ሰበርኳቸው። ክረምት ላይ ግን መንገዱ ዋልካ ጭቃ ነው፣ መኪና አይወጣም። መሬቱ እስኪጠነክር ካሴቱ ሳጥኔ ውስጥ ተቀመጠ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ የእርሻው የኪነት ቡድን ጄኔሬተሩን፣ ኦርጋኑንና ኤሌክትሪክ ጊታሩን ይዞ ከተማ ገባ። አለቃቸው ጓድ ሰብስቤ ዘፈን እንደምሠራ ሰምቶ መጣ። ካሴቱን ሲሰማ ዓይኑ በራ። «ለአንድ ልምምድ ብቻ ስጪኝ።»

«የሰው አደራ ነው» አልኩት።

«በአራተኛው ቀን እመልሳለሁ። ስምሽም መድረክ ላይ ይጠራል።»

አፈር ልብላና ሰጠሁት። ሥጋ ለጅብ አደራ ይሰጣል? እኔ ሰጠሁ። አስገድዶኝ አይደለም፤ በዚያን ጊዜ ደርግን የማይፈራ ባይኖርም፣ እኔ የሰጠሁት ፈርቼ ሳይሆን ዘፈኔን በትልቅ ድምፅ ማጉያ መስማት ስለጓጓሁ ነው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ልምምዱን በር ላይ ቆሜ አየሁ። «ይኼ ሙሾ ነው! ሕዝብ እያለቀሰ አያጭድም» አለ ሰብስቤ። ከበሮውን አፈጠኑት፣ ሳሉ በነበረበት ቦታ ኦርጋን አስገቡ፣ የይታየውን ስም አወጡ።

«ወንድሜ ተነሣ፣ ና ውረድ በጋራ፣
ሰሊጡ ደረሰ፣ ለአገርህ ሥራ።»

«ግጥሙ እኮ እንዲህ አይደለም!» አልኩ። ማንም አልሰማኝም። አልዋሽም፣ ያምር ነበር። ከግጥሙ ጋር እየተጣላሁ ትከሻዬ እስክስታ ይመታ ነበር፤ ያ ትከሻ ተቆርጦ በወደቀ!

በአራተኛው ቀን ካሴቱ መጣ። አላምረው «እስቲ አሰሚኝ» አለ። ቁልፉን ስጫን የጮኸው ባንዱ ነው። ገልብጬ ባየው፣ የሰበርኩት ጥርስ ቀዳዳ በሲጋራ ወረቀት ተወትፏል፤ ቀዳዳው ከተደፈነ እንደገና ይቀዳበታል። እንግዲህ ይህ ስህተት ነው? ወረቀት ጠቅልሎ የሚወትፍ ሰው የሚሠራውን ያውቃል። አላምረው ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ሰማና «የታለ የይታየው ስም?» አለኝ።

ሰብስቤ ዘንድ ሮጬ ሄድኩ። «ባዶ ካሴት አጥተን ነው። አንቺ ሌላ ትቀጃለሽ» ብሎ ሳቀ። በማን ድምፅ? አላምረው ከዚያ ወዲያ ቃል እንኳ የሚያወጣው በግድ ነበር። ጳጉሜን ሳይወጣ ሞተ።

መንገዱ ሲደርቅ ለአንድ ሾፌር መልእክቱን በቃል አስያዝኩት። ግን ሰሊጥ አንድ ሳምንት ከዘገየ ይረግፋል፣ እርሻውም ሰው ቸግሮታል፤ ከሁሉ ቀድሞ ወደ ደጋ የወጣው ድምፅ ማጉያ ጭኖ በዚያ ዘፈን አጫጅ የሚጠራው የእርሻው መኪና ነበር።

ጥቅምት ላይ አንድ ልጅ እግር ሰው እየጠየቀ ግቢያችን ደረሰ። አላምረውን ቁርጥ። «ገበያ መሀል በመኪና የኛን መንደር ዜማ ሰማሁ። መተማ ላይ ይኼን የሚያውቅ ከአላምረው በቀር ማን አለ? ወንድሜ ደልቶት ጠራኝ ብዬ መጣሁ» አለኝ። ፊቱ ላይ ደስታ ነበር።

መርዶውን እናቴ ነገረችው። አልቅሶ ሲበቃው «ምን ብሎኝ ነበር?» አለኝ። ጊታሬን አንስቼ እውነተኛውን ዘፈንኩለት። በማግስቱ አገሩ ሊመለስ ሄደ፤ አጨዳው ሳያልቅ ወደ ደጋ የሚመልስ መኪና የለም ተባለ። እስከዚያው እርሻው ገብቶ ሲያጭድ ወባ ያዘው። በታኅሣሥ ከወንድሙ አጠገብ ቀበርነው።

የጎንደሩ ልጅ ትናንት ደግሞ ደወለ። ይህን ሁሉ ነገርኩት። «እንግዲያው የመጀመሪያውን ግጥም ይስጡንና እሱን እንሥራ» አለኝ። ትሑት ልጅ ነው፣ ክፋት የለበትም። እምቢ አልኩት። ሰብስቤን ይቅር በዪ የሚሉኝም አሉ፤ አልልም፣ ራሴንም ይቅር አላልኩም። ያ ዘፈን የተሠራው አንድ ሰው ከደጋ ሳይወርድ እንዲሰማው ነበር። ሰማው፤ ከመኪና ከወረደ በኋላ።