በስሜ የተጻፈው አስራ አራት ሰከንድ

ሐሙስ ጠዋት ቢሮ ስገባ ኪቦርዴ ላይ ደብዳቤ ተቀምጦ አገኘሁ... ርዕሱ ከበሩ ይነበባል። «ማስጠንቀቂያ»።

ሀዋሳ መሃል ከተማ ያለች ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው። ለአንድ ክሊኒክ የታካሚዎች መዝገብ ሠርተናል። ካርድ ክፍል የታካሚው ስም ይጻፋል፣ ፋይሉ ይወጣል። በአንድ ሰከንድ መውጣት ነበረበት፤ እሱ ግን አንዳንዴ አስራ አራት ሰከንድ ይገተራል። በሽተኛ ቆሞ እየጠበቀ! ክሊኒኩም እስከ ሰኞ ካልተስተካከለ ወደ ወረቀት ካርዳችን እንመለሳለን ብሎናል። ደብዳቤው የሚለው ደግሞ ጥፋቱ የኔ ስለሆነ አምኜ ልፈርምና ሥራውን ለሌላ ሰው ላስረክብ ነው።

ሁለት ዓመት የለፋሁበትን ሥራ። አሁን ሳስታውሰው ራሱ ደሜ ይፈላል።

ማስረጃ አለ ተባለ። ፕሮፋይል የሚባል ነገር አለ፤ ፕሮግራሙ ሲሠራ ጊዜውን የት የት እንዳጠፋ ይመዘግባል። አለቃችን አቶ ማቴዎስ ከላይ ያለውን አንድ መስመር አይተው ዘጉት። «ታካሚ ፈልግ፦ አስራ አራት ሰከንድ»። ታካሚ ፈልግን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፋንክሽን ነው፤ ማለትም አንድ ሥራ የተሰጠው የፕሮግራም ቁራጭ።

ቢሯቸው ገባሁ። ይሄ ድምር ነው አልኳቸው። የኔ ፋንክሽን ሌሎች አምስት ፋንክሽኖችን ይጠራል፣ የእነሱም ሰዓት በሱ ላይ ነው የሚቆጠረው። በባጃጅ ከዚህ ሐይቅ ዳር አንድ ሰዓት ቢፈጅብዎ፣ ሾፌሩን ከመቆጣትዎ በፊት ስንቱን ደቂቃ ነዳጅ ሰልፍ ላይ እንደቆመ አይጠይቁም ወይ አልኳቸው። ፈገግ አሉ።

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባላል። ፈርሚና ለሚችል ሰው አስረክቢ።»

«አልፈርምም።»

ደብዳቤውን ጠረጴዛቸው ላይ ትቼላቸው ወጣሁ። ወደ ወንበሬ ስመለስ አብረውኝ የሚሠሩት ሁለቱ ልጆች ስክሪናቸው ላይ አፍጥጠዋል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። ላፕቶፔን ይዤ ወጣሁና ባጃጅ ውስጥ ገባሁ፤ ቀጥታ ወደ ክሊኒኩ።

ካርድ ክፍል የሚሠሩት እትዬ አስቴር ናቸው፤ እናቴን የሚሆኑ ሴትዮ። ምን እንዳስቸገራቸው ጠየቅኳቸው።

«ልጄ፣ ይሄ ኮምፒውተር ሰው ይመርጣል» አሉኝ። «ዳንጋሞ በቀለ ስለው ወዲያው ነው። ፀሐይ ዓለሙ ኃይሉ ስለው ግን እጄን ታጥቤ ስመለስም አልጨረሰም።»

ሰው ይመርጣል... እሷን ቃል ይዤ ቁጭ አልኩ። እሳቸው ስም ሲጽፉ እኔ አዲስ ፕሮፋይል ቀዳሁ። ከዚያ ያንን አንድ ላይ የተጠቀለለ አስራ አራት ሰከንድ በየፋንክሽኑ ከፋፈልኩት፤ ለእያንዳንዱ የራሱን ድርሻ ብቻ። የኔው ግማሽ ሰከንድ እንኳን አልሞላም። አስራ ሦስቱን የበላው ከሥር የተቀመጠ «ሆሄ አዛማጅ» የሚባል ፋንክሽን ነው።

ከፍቼ አነበብኩት። መቼም ፊደላችንን ታውቁታላችሁ። አንዱ በሀ ይጽፋል፣ አንዱ በሐ፣ አንዱ በኀ፤ ሃ፣ ሓ፣ ኃም አሉ። የገዛ ከተማችንን ስም እንኳን በየታፔላው ስንት ዓይነት ጽፈነዋል። ይሄ ፋንክሽን ታዲያ ስሙ ሊጻፍ የሚችልበትን አጻጻፍ በሙሉ ይደረድርና እያንዳንዱን ለብቻው መዝገቡ ውስጥ ይፈልጋል። ለፀሐይ አስራ ሁለት ዓይነት፤ ሁለት ፀ በስድስት ሀ። ከአባቷ ከዓለሙ አራት ዓይነት አ ጋር አርባ ስምንት። አያቷ ኃይሉ ሲጨመሩ ሁለት መቶ ሰማንያ ስምንት ጊዜ! ዳንጋሞ በቀለ ላይ የሚቀያየር ፊደል ስለሌለ አንዴ ፈልጎ ያልፋል።

ማን ጻፈው? ኮዱ የጸሐፊውን ስም ይይዛል፤ አየሁት። አቶ ማቴዎስ... ራሳቸው። ጉድ በል ሀዋሳ አልኩ ለብቻዬ። እትዬ አስቴር ምን ሆንሽ ብለው ደነገጡ።

ዓርብ ጠዋት ስብሰባ ላይ የተከፋፈለውን ፕሮፋይል ግድግዳው ላይ አበራሁት። ስም አልጠራሁም። እሳቸው ግን «ሆሄ አዛማጅ» የምትለውን ሲያዩ ለዩዋት፤ መነጽራቸውን አወለቁ። ድርጅቱን ሲከፍቱ ለብቻቸው፣ በጥድፊያ የጻፉት እንደሆነ ነገሩን። አምኛቸዋለሁ። እንዲያውም አሳዘኑኝ።

ያሳዘኑኝ ግን ለአንድ ደቂቃ ነው። ደብዳቤዬን አወጡና እስክሪብቶ አነሱ።

«እንግዲህ የቡድኑ ስህተት ነው ብለን እናስተካክለው።»

«የኔ ሲመስል በስሜ ነበር የተጻፈው። የእርስዎ ሲሆን የቡድን ሆነ?»

ዛሬ እባረራለሁ ብያለሁ። ግን ዓይኔን አልሰበርኩም። እስክሪብቶውን አስቀመጡና ታዲያ ምን ይሻላል አሉ። ለክሊኒኩ ይጻፉ፣ ስህተቱ የት እንደነበርና የማን እንደሆነ ይግለጹ፣ እኔ ደግሞ ከሰኞ በፊት አስተካክዬ አስረክባለሁ አልኳቸው።

ጻፉት። ፈረሙበትም። የኔን ደብዳቤ እዚያው ፊታችን ለሁለት ቀደዱት። ሰው ናቸው፣ ይሄንንም አልክድም።

እኔም አስተካከልኩት፤ በሚፈለገው ስምም በመዝገቡም ላይ ሐንም ኀንም ሀ፣ ፀንም ጸ፣ ዓንም አ አድርጎ አንድ ጊዜ ብቻ መፈለግ ነው። ሰኞ እትዬ አስቴር ደወሉልኝ። ፀሐይ እጃቸውን ከኪቦርዱ ሳያነሱ ወጣች።

አሁን ቢሮ ውስጥ ከኋላዬ «ኃይለኛ ናት» እየተባልኩ ነው አሉ... በፈለጉት ሀ ይጻፉት፣ እኔው ነኝ።